ተጨማሪ መረጃ፦ ኮዱ ሲገመገም መጠኑም ይታይ

በኮድ ግምገማ ጊዜ ዓይን የሚያርፈው በተጨመሩትና በተሰረዙት መስመሮች ላይ ነው። ኮምፓይል የተደረገው ፋይል ምን ያህል እንዳደገ ግን ከመስመሮቹ አይታወቅም። ላይብረሪ የምታስገባ አንዲት መስመር፣ ላይብረሪው የሚፈልጋቸውን ሌሎች ላይብረሪዎችም አስከትላ ልትመጣ ትችላለች። ሊንከሩ ጥቅም ላይ ያልዋለውን ክፍል ቆርጦ የሚጥልበት ጊዜም ስላለ፣ ከመገመት መለካት ይሻላል።

የክሮሚየም ፕሮጀክት ለዚህ ያበጀው ዘዴ የሚያስመሰግን ነው። አንድ ለውጥ ለግምገማ ሲቀርብ፣ አውቶማቲክ ፍተሻው የአንድሮይዱን ፕሮግራም ከለውጡ በፊትና በኋላ ገንብቶ የመጠኑን ልዩነት ያሰላል። ጭማሪው ከ16 ኪሎባይት ከበለጠ ፍተሻው ይወድቃል። ፕሮግራመሩ መጠኑን መቀነስ ካልቻለ፣ ጭማሪው ለምን እንዳስፈለገ በለውጡ መግለጫ ላይ በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። ጥያቄው ሥራው ገና ትኩስ ሳለ መነሣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዓመት በኋላ ባበጠ ፕሮግራም ውስጥ ምክንያቱን መፈለግ እጅግ አድካሚ ነው።

በሌሎች ላይብረሪዎች ላይ ጥገኛ መሆን ከመጠን ሌላም ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 «ሌፍት-ፓድ» የተባለ የ11 መስመር ኮድ ከኤንፒኤም ማከማቻ ሲነሣ፣ በእሱ ላይ በተዘዋዋሪ የተመሠረቱ፣ ባቤልን የመሰሉ ታላላቅ ፕሮጀክቶች ሳይቀሩ መገንባት አቅቷቸው ነበር።

በራስት የምትሠሩ ከሆነ «ካርጎ ትሪ» የተባለው ትእዛዝ የትኛው ላይብረሪ የትኛውን እንዳስከተለ ያሳያችኋል። ቀጣዩን ለውጥ ከማጽደቃችሁ በፊት፣ በ«ካርጎ ሎክ» ፋይል ውስጥ ስንት አዲስ ስም እንደገባ ቁጠሩ።