ካርዱ ሳያልቅ ዋናውን ነገር እንናገር

ቤተሰቦቻችን ከድንበሩ ማዶ ናቸው። ድምፃቸውን ለመስማት የምንፍቀው ካርድ በከንቱ እንዳያልቅ በዳበል የምንኖር ሁሉ የሚከተሉትን እናስታውስ።

1. የኢትዮጵያ መለያ ቁጥር 251 ነው። በ09 የሚጀምር ቁጥር ስንደውል 0ውን ትተን +2519 ብለን እንቀጥል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምሩም አሉ፤ እነሱ ደግሞ +2517 ይሆናሉ።

2. ወደ ሞያሌ ከተማ ስንሄድ የኬንያ ሲም ያለው ስልካችን የኢትዮጵያን ኔትወርክ ሊይዝ ይችላል። ያን ጊዜ ጥሪው በሮሚንግ ስለሚታሰብ ሂሳባችን ቶሎ ያልቃል። ከመደወላችን በፊት በስልኩ ላይ የሚታየውን የኔትወርክ ስም እንመልከት።

3. የሳፋሪኮም ደንበኞች ከጥሪው በፊትና በኋላ *144# ደውለን ቀሪውን እናወዳድር። ልዩነቱ ጥሪው ስንት እንዳስከፈለን ይነግረናል። በኦኮአ ጃሃዚ ስንበደር ከመቶ 10 እጅ ይቆረጣል፤ 100 ሽልንግ ተበድረን የሚደርሰን 90 ነው።

4. «ሽልማት ደርሶሃል» ብሎ ለሚደውል ሰው የካርድም ሆነ የምስጢር ቁጥር አንስጥ።

ሰላምታችን ረጅም መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ የታመመውን ሰው፣ የልጆቹን ትምህርትና የሚላከውን ገንዘብ አስቀድመን በወረቀት ጽፈን እንደውል። ካርዱ ከተረፈ የጎረቤቱን ደኅንነት እንጠይቃለን።