ለዘር የሚቀር ውሻ

ዳማን ይዤ ስወጣ መንገደኛ ሳያስቆመኝ የምመለስበት ቀን ጥቂት ነው። ዳማ ቢግል ነው፤ ጀርባው ጥቁር፣ ራሱ ዳማ፣ እግሩ ነጭ፣ ዓይኑ ደግሞ ከጧት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ የሚያስመስለው። (እናቴ «የፈረስ ስም ለውሻ!» ብላ ነገሩ አልተዋጠላትም።) እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያየው ሁሉ «ይኼን የመሰለ ውሻ ለምን ውድድር አታስገባውም?» ይለኛል። የመጀመሪያው ሲለኝ ሳቅሁ። አምስተኛው ሲለኝ መመዝገቢያው ስንት እንደሆነ መጠየቅ ጀመርኩ።

ነገሩን የገለጠችልኝ እናቴ ናት። ጎጃም፣ ገበሬ ቤት ነው ያደገችው። ልትጠይቀን መጥታ በነበረ ጊዜ የኒው ዮርኩን የዌስትሚንስተር ውድድር በቴሌቪዥን አብረን አየን። ሱፍ የለበሰው ዳኛ ወደ ውሻው ጠጋ አለ፤ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አየ፣ ትከሻውን ዳበሰ፣ ጎድኑን ፈተሸ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ቆለጡን ሳይቀር በእጁ አረጋገጠ። ከዚያ እንዲያስኬዱለት ምልክት ሰጠ። እናቴ ስኒዋን አስቀመጠች።

«ይኼማ ኮርማ መምረጥ ነው» አለች።

«እማዬ፣ የቁንጅና ውድድር እኮ ነው።»

«ለቁንጅና ቆለጥ ይዳበሳል? ለዘር የሚቀረውን እየለዩ ነው እንጂ!»

እውነቷን ነው። የውሻ ትርዒት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፀጉሩ የተነፋ ፑድልና የሚያብረቀርቅ ዋንጫ ነው። ሥሩ ግን የእርባታ ምርጫ ነው። የዘመናዊዎቹ መጀመሪያ የሚባለው ትርዒት እ.ኤ.አ. በ1859 በእንግሊዝ፣ ኒውካስል ከተማ ሲካሄድ የቀረቡት ፖይንተርና ሴተር የሚባሉት የአደን ውሾች ብቻ ነበሩ፤ ሽልማቱም ጠመንጃ ነበር። በ1873 የእንግሊዙ ኬኔል ክለብ፣ በ1884 የአሜሪካው ተቋቋሙ። ዋና ሥራቸው ማን ከማን ተወለደ የሚለውን መዝግቦ መያዝ ነው። ዌስትሚንስተር በ1877 ተጀምሮ እስከ ዛሬ ይካሄዳል። የእንግሊዞቹን ክራፍትስ በ1891 የጀመሩት ቻርልስ ክራፍት ደግሞ እንጀራቸውን የሚበሉት የውሻ ብስኩት በመሸጥ ነበር፤ ገበያም ከነገሩ ርቆ አያውቅም።

ስለዚህ ዳኛው አንዱን ውሻ የሚለካው አጠገቡ በቆመው ሳይሆን ለዝርያው በተጻፈው መስፈርት ነው። የቢግልን መስፈርት ሳነብ ኩራቴ በረደ። እንደ ትምህርት ቤት ፈተና ከመቶ የሚታረም ነው። ጭንቅላት በሙሉ 25፤ ከዚህ ውስጥ ጆሮ 10 ሲይዝ ያ መንገደኛ ሁሉ የሚቆምለት ዓይን 5 ብቻ ነው። አንገት፣ ደረት፣ ትከሻ፣ ጀርባና ወገብ ተደምረው 35፣ እግር ከነመዳፉ 30። የቀረችውን 10 ፀጉርና ጭራ እኩል ይካፈሏታል። የሚፈለገው ቀኑን ሙሉ ጥንቸል የሚያባርር ውሻ ነውና ከፊቱ ይልቅ ደረቱና እግሩ ነው የሚታየው።

ቁመትም አለ። አሜሪካ ውስጥ ቢግል በሁለት ተከፍሎ ይወዳደራል፤ እስከ 13 ኢንች ያለው ለብቻ፣ ከ13 በላይ ሆኖ 15 ያላለፈው ለብቻ። ከ15 ያለፈ ውጪ ነው። አንድ ቅዳሜ ልጄ ዳማን ማቀዝቀዣው አጠገብ አቁማ ያዘችልኝ፤ እኔ ማስመሪያ ትከሻው ላይ አጋድሜ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። 15 ኢንች ተኩል። አላመንኩም፣ ደግመን ለካነው። ዳማ ጭራውን እየቆላ ማስመሪያውን ላሰው። አሁንም 15 ተኩል።

ከዚያ መሳቢያ ውስጥ የከረመውን ወረቀቱን አወጣሁ። ስንገዛው ፈርሜ ተቀበልኩ እንጂ አላነበብኩትም ነበር። «ውሱን ምዝገባ» ይላል። ይህ ማለት አራቢዋ ለቤት እንጂ ለዘር አልሸጠችልንም፤ እንዲህ የተመዘገበ ውሻ ለዚህ ዓይነቱ ውድድር አይቀርብም፣ ቢወልድም ልጆቹ አይመዘገቡም። ወረቀቱስ ባይከለክለው ዳማ በስምንት ወሩ ተኮላሽቷል። በአሜሪካው ክለብ መደበኛ ውድድር የተኮላሸ አይገባም፤ ሰንጋ ከኮርማ ጋር ለምርጫ አይሰለፍም። (እንግሊዞቹ በዚህ ላላ ይላሉ።) ይኼን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ማስመሪያና በአንድ ወረቀት ማወቅ ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ለዳማ አዲስ ማሰሪያ ገዝቼ ነበር።

ሦስቱንም ያለፈ ውሻ ያለው ሰው ምን ይጠብቀዋል? ይኼን ለማየት ውሻዬን ቤት ትቼ አንድ ትርዒት ሄድኩ፤ ያልተመዘገበ ውሻ ይዞ መግባት እንደማይፈቀድ ቀድመው ነግረውኛል። በአንዲት አሮጊት ጎረቤታችን አጠገብ ወንበር ዘርግቼ ተቀመጥኩ፤ ዕድሜያቸውን በዚህ ነገር ያሳለፉ ሴትዮ ናቸው። ያዦቹ ቁጥራቸውን በግራ ክንዳቸው አስረው፣ የተቀቀለ ጉበት በኪሳቸው ይዘው ይጠብቃሉ። አንዷማ ጉበቱን በጥርሷ ይዛ እጇን ለማበጠሪያው አስለቅቃ ነበር። ቢግል ሲደርስ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፤ ዳኛዋ ትዳብሰዋለች፣ ወርዶ ቀጥ ብሎ ሄዶ ይመለሳል፣ ዙሪያውን ይሮጣል። አለቀ። ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ለዚያ ሁለት ደቂቃ ሰዎቹ ሌሊት ተነስተው ሦስትና አራት ሰዓት ነድተዋል።

ሻምፒዮን ለመባል 15 ነጥብ ያስፈልጋል። አንድ ውድድር ከ5 በላይ አይሰጥም፤ ልኩም በተሸነፉት ውሾች ብዛት ነው። ከድሎቹም ሁለቱ፣ በተለያዩ ዳኞች ሥር፣ እያንዳንዳቸው 3 ነጥብና ከዚያ በላይ የሚያስገኙ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ትንንሽ ትርዒት እየዞሩ ነጥብ መለቃቀም አያዋጣም። መመዝገቢያው፣ ቤንዚኑ፣ ሆቴሉ፣ ለባለሙያ ያዥ ከተሰጠም የእሱ ዋጋ አለ። ይኼ ሁሉ ወጥቶ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ሪባን ነው፤ ለአንደኛ ሰማያዊ፣ ለሁለተኛ ቀይ።

«መቼ ነው ማቆም ያለብኝ ብለው ያውቃሉ?» አልኳቸው አሮጊቷን።

«ውሻው ጭራውን ሸጉጦ የገባ ቀን ወደ ቤት እመለሳለሁ» አሉኝ። «እኔ ነኝ የተመዘገብኩት፣ እሱ አልፈረመም።»

ስለ ዳኛ ምርጫ የማልክደው ጥርጣሬ አለኝ። ኮርማ የሚመርጥ ገበሬ ጥጃው ሲያርስ ያየዋል፤ ስህተቱን ማሳው ይነግረዋል። ሥራውን የተወ ውሻ ግን የሚታረምበት ማሳ የለውም፤ ዓይን ብቻ ነው የሚፈርድበት። አፍንጫ ይጠር ሲባል እስከ ማፈን ያጥራል። በ2008 ቢቢሲ ይኼንን የሚያጋልጥ ዘጋቢ ፊልም አሳየ፤ በማግሥቱ ዓመት ክራፍትስን ማስተላለፉን አቆመ። በ2012 ክራፍትስ ላይ ከዝርያቸው አንደኛ የወጡ አንድ ፔኪኒዝና አንድ ቡልዶግ በእንስሳት ሐኪም ምርመራ ወድቀው ወደ ቀጣዩ ዙር እንዳያልፉ ተደረጉ። ፊቱ የተጨፈለቀ ዝርያ ያለው ሰው ከዳኛው በፊት ሐኪሙን ቢያማክር ይሻለዋል።

ደግሞ የሕዝብ ፍቅርና የዳኛ ፍርድ የተለያዩ ናቸው። ላብራዶር ከ1991 እስከ 2021 በአሜሪካው ክለብ መዝገብ አንደኛ ሆኖ ሲዘልቅ ዌስትሚንስተርን አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ቢግል ሁለቴ አሸንፏል፤ ዩኖ በ2008፣ ሚስ ፒ በ2015። ይኼን ለዳማ ነግሬዋለሁ።

ለእኛ ዓይነቱ ሌላ በር ክፍት ነው። ከ9 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች የሚወዳደሩበት አለ፤ እዚያ የሚዳኘው የልጁ አያያዝ ስለሆነ የተኮላሸ ውሻም ይገባል። ከ1989 ጀምሮ የሚሰጠው የጨዋ ውሻ ፈተና አሥር ጥያቄ አለው፤ ዘሩ የተደባለቀም ይፈተናል። ልጄ የመረጠችው ግን የሽታ ፍለጋውን ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ካርቶኖች ደረደሩ፤ በአንዱ ውስጥ የበርች ዘይት የነካ ጥጥ ተደብቋል። ልጄ ማሰሪያውን ላላ አደረገች። ዳማ ሦስቱን ሳያያቸው አለፈ፣ አራተኛው ላይ አፍንጫውን ተከለ፣ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያም ካርቶኑ ላይ ወጥቶ ጨፈለቀው።

ማታ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

«እሰይ ዳማ!» አለች። «ምን አበላችሁት?»