የሰንጠረዥ ወረራና በባቱ የተበጀ የውጊያ ደንብ

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱት የሚና ጨዋታ በዓለም የታወቀው ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካሳተሙት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ከተባለው ጨዋታ ወዲህ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ሰው ጠባይ ይይዛል፤ አንዱ ዳኛ ሆኖ ታሪኩን ይመራል፤ አጠራጣሪው ነገር በዳይስ ይቈረጣል። ነገር ግን ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ፥ በተለይ ስለ ውጊያ፥ የታተመውን ደንብ ትተው የራሳቸውን ያበጃሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ እንዲህ ያለ ደንብ እንዴት እንደሚሠራ፥ የአገራችንም ሰንጠረዥ ለዚህ ምን እንደሚያስተምር ለማስረዳት እንሞክራለን።

ባለፈው የክረምት ዕረፍት፥ ቀድሞ ዝዋይ ትባል በነበረችው በባቱ ከተማ፥ አምስት ሆነን ይህን ጨዋታ ጀመርን። መጽሐፉ ስላልነበረን በካርቶን ላይ ቤቶች አሰመርን፤ ለወታደር የለስላሳ ቆርኪ፥ ለዕድል የሉዶ ዳይስ ያዝን። ታሪኩ በደምበል ሐይቅ ዳር ስለሚዋጉ ሁለት ወገኖች ነበር። የመጀመሪያው ደንባችን፥ በዳይስ ብዙ ያወጣ ቀድሞ ይመታል የሚል ነው። አንዱ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ስድስት ቢወጣለት፥ ሌላው አንድ ቆርኪ እንኳ ሳያንቀሳቅስ ጦሩ አለቀ። ተሸናፊው ደንቡ ይለወጥ አለ፤ አሸናፊው ደግሞ ከተሸነፍህ በኋላ ነው ወይ ሲል መለሰ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ይሁን እንጂ ለሳምንት ያህል ሰላምታ ተነፋፈጉ።

መፍትሔውን ያገኘነው ከሰንጠረዥ ነው። ሄንሪ ሶልት በ1814 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ይወዱ እንደ ነበር ጽፏል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ታሪኩና ስለ ደንቡ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። ገበታው 64 ቤቶች አሉት። ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው ዋናው ነገር ግን ወረራ የሚባለው አጀማመሩ ነው። በወረራ ጊዜ ተራ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፥ እጃቸው እንደ ፈጠነ፥ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ምርኮ ሲወስድ ግን ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይሆናል። ደግሞም ጭፍራው ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም። ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ የሚፈጅ ተጫዋች ድሉን በገዛ እጁ ያጣል።

ከዚህ ተነሥተን ሦስት አንቀጽ ያለው ደንብ አበጀን። አንደኛ፥ የመጀመሪያው ምት እስኪመታ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ያለ ተራ ይንቀሳቀሱ። ሁለተኛ፥ ቀድሞ የመታ ተራውን ለተመታው ይልቀቅ። ሦስተኛ፥ ብቻውን የቀረ ይማረክ እንጂ አይሙት፤ ታሪኩም በድርድር ይቀጥል። በዚህ ደንብ ቀድሞ መምታት ጥቅም ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የሚመታው መልሱን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። አንድ ጕድለት አላጣንበትም፤ እጀ ፈጣኑ ያይል ነበርና በአንድ እጅ፥ አንድ ቆርኪ ብቻ እየተነሣ ይሁን ብለን አረምነው። ዳይሱንም አልጣልነውም፤ ምቱ ማቍሰሉንና መሳቱን ይቈርጣል፤ ማን ይቅደም የሚለውን ግን አይቈርጥም።

ከዚህ የምንረዳው፥ የውጊያ ደንብ ፍሬ ነገር የመሣሪያው ብዛት ሳይሆን ማን ቀድሞ እንደሚመታና የተሸነፈው ምን እንደሚሆን ከጠቡ በፊት መወሰኑ ነው። ከጠብ በኋላ የሚወጣ ደንብ መልካም ቢሆንም እንኳ ለአንዱ ወገን ያደላ ይመስላል። ሁለቱ ጓደኞቻችን ዛሬ አብረው ይጫወታሉ፤ አዲሱን ደንብ የጻፈውም ያ ተሸናፊው ነው፤ አሸናፊው ግን አስቀድሞ አንብቦ ፈርሞበታል።

ሰንጠረዥን እኛ በመጽሐፍ እንጂ በዓይናችን ሲጫወቱት አላየንም። በቤተ ሰቡ የሚያውቀው ሽማግሌ ያለው አንባቢ ቢኖር፥ የሰፈሩን ደንብ ጠይቆ ቢጽፍልን ለሁላችንም ትልቅ ውለታ ይሆናል።