ከሰልፉ የወጣው ማን ነው?

በስልክ መተግበሪያ ቅጽ ላይ «+» ስንነካ አዲስ የመጻፊያ ሣጥን ይጨመራል፤ «×» ስንነካ ይጠፋል። ቀላል ይመስላል። ኮዱን ስንጽፍ ግን «3ኛውን ሣጥን አጥፋ» ብለን በተራ ቁጥር ካዘዝን ችግር አለ።

የጦር ኃይሎችን የታክሲ ሰልፍ እናስብ። 2ኛው ሰው ትቶ ቢሄድ 3ኛ የነበረው 2ኛ፣ 4ኛ የነበረው 3ኛ ይሆናል። ተራው ተቀየረ እንጂ ሰዎቹ ያው ናቸው። ሣጥኖቹም እንደዚሁ ናቸው፤ የድሮውን ቁጥር እንደያዘ የቀረ «×» ሲነካ የሌላ ሰው መረጃ ያጠፋል። የኢፍጣር መዋጮ ስንመዘግብ ይህ ቢደርስ የከፈለው እንዳልከፈለ ይቆጠራል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሣጥን ሲፈጠር የማይቀየር መለያ እንስጠው፤ ሪአክት ኔቲቭም ሆነ የጎግል ፍላተር ለዚህ «ኪይ» የሚባል መለያ አላቸው። ሁለተኛ፣ ሣጥኑን ከስክሪኑ ላይ ብቻ አናንሳው፤ ከመረጃ ዝርዝሩ እንሰርዘውና ስክሪኑ ዝርዝሩን ይከተል።

ስንፈትሽም የመጨረሻውን ሳይሆን የመሐሉን እናጥፋ። የመጨረሻው ሲጠፋ የማንም ተራ ስለማይቀየር ስሕተቱ አይታይም። የሰው ስምና ገንዘብ አማና ነውና ሳንፈትሽ አናስረክብ።