ሕንፃም ይነበባል፤ የእንግሊዝ ባላባቶች የገጠር ቤቶች ምን ይነግሩናል?



የእንግሊዝ አገር ገጠር ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ በሰፊ መስክ መካከል ተንጣለው የሚታዩት የድሮ ባላባቶችና መኳንንት ታላላቅ ቤቶች ናቸው። ዛሬ ብዙዎቹ ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሰው የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ይጎበኛቸዋል። ጎብኚው ሥዕሉን፣ የሐር መጋረጃውን፣ በወርቅ ቀለም ያጌጠውን ጣሪያ አይቶ፣ «ወይ ጉድ!» ብሎ፣ ሻዩን ጠጥቶ ይመለሳል። ታዲያ ምን አየህ? ቢሉት መልሱ ብዙውን ጊዜ «ትልቅ ቤት» ከማለት አያልፍም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕንፃ እንደ መጽሐፍ ሊነበብ የሚችል መሆኑን ማሳየት ነው። መስኮቱ፣ ደረጃው፣ በሩ፣ በዙሪያው ያለው መስክ ሁሉም በዘመኑ ማን ጌታ፣ ማን አሽከር እንደነበረ፣ ገንዘቡም ከየት እንደመጣ ይናገራሉ። ማንበቡን ለማያውቅ ሰው ግን ነገሩ ሁሉ ላዩ አምሮ ውስጡ ለቄስ ሆኖ ይቀራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ከምሽግ ወደ መስኮት

በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ባላባት ቤቱን የሚሠራው ጠላትን ለመከላከል ነበር። ግንቡ ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ዙሪያው ጉድጓድ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ግን የነገሥታቱ ማዕከላዊ ኃይል ስለጠነከረ፣ መድፍም የድሮውን ግንብ ማፍረስ ስለጀመረ፣ ምሽግ መሥራት ጥቅሙ ቀነሰ። ባላባቱም ፊቱን ከመከላከል ወደ መታየት አዞረ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በደርቢሺር አውራጃ የሚገኘው ሃርድዊክ ሆል ነው። ያሠሩት የሽሩዝበሪ ባላባት ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ሲሆኑ፣ በታሪክ የሚታወቁት «ቤስ ኦፍ ሃርድዊክ» በሚለው ስም ነው። እኒህ ሴት አራት ጊዜ አግብተው አራት ጊዜ ባል የሞተባቸው፣ በየጊዜውም ሀብታቸው እየጨመረ የሄደ ብርቱ ሴት ነበሩ። ከ1590 እስከ 1597 ባለው ጊዜ ውስጥ ሮበርት ስሚዝሰን በተባለ ሰው ንድፍ ቤቱን አሠሩ። በዚያን ዘመን መስተዋት እጅግ ውድ ነበር። ወይዘሮዋ ግን ከግንብ ይልቅ መስተዋት የበዛበት የሚመስል ቤት አሠሩ። በማማዎቹም አናት ላይ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደላት በድንጋይ አስቀርጸው አቆሙ። ከሩቅ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ባለቤቷ ማን እንደሆነች ያውቃል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የሃርድዊክ መስኮቶች ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ቁመታቸው ይጨምራል። ለምን ቢሉ፣ ምድር ቤቱ የአገልጋዮች፣ መካከለኛው ፎቅ የቤተሰቡ፣ የላይኛው ደግሞ ለንግሥትና ለታላላቅ እንግዶች የተዘጋጀ ስለነበረ ነው። እንግዲህ ወደ ውስጥ ሳንገባ፣ ከውጭ መስኮቱን በማየት ብቻ የሰዉን የማዕረግ ተራ አነበብን ማለት ነው።

መስኮት ሌላም ታሪክ አለው። ከ1696 እስከ 1851 ድረስ በእንግሊዝ አገር በመስኮት ቁጥር ግብር ይከፈል ነበር። አቅም ያነሰው ሰው ግብሩን ለመሸሽ መስኮቱን በጡብ ይደፍነዋል። ዛሬም በድሮ ቤቶች ላይ የተደፈነ መስኮት ማየት ይቻላል።

2. ከጣሊያን የመጣ መለኪያ

በ16ኛው መቶ ዓመት አንድሬያ ፓላዲዮ (1508–1580) የተባለ ጣሊያናዊ አርኪቴክት የጥንት ሮማውያንን ሕንፃዎች እየለካ አጠና። በ1570 ያሳተመውም መጽሐፍ በአውሮፓ ተሠራጨ። ኢኒጎ ጆንስ የሚባለው እንግሊዛዊ ጣሊያን ድረስ ሄዶ ይህንን ጥበብ ከተማረ በኋላ በ1616 በግሪኒች የንግሥቲቱን ቤት ጀመረ። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ይህ አሠራር የባላባቱ ሁሉ ፋሽን ሆነ።

የፓላዲዮን አሠራር የተከተለ ቤት እንዴት ይታወቃል? ምልክቶቹ ቀላል ናቸው።

ሀ) ቤቱን ከመሐል ለሁለት ብንከፍለው ግራና ቀኙ እኩል ይሆናል።
ለ) በመካከሉ በትላልቅ ዓምዶች የተደገፈ፣ አናቱ ባለ ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ የጥንት ቤተ መቅደስ ፊት የሚመስል ክፍል አለው።
ሐ) ዋናው የእንግዳ ፎቅ ከምድር ከፍ ብሎ ይሠራል፤ ምድር ቤቱ ዝቅ ያለና ቀለል ያለ ነው።
መ) ጌጡ በአብዛኛው ከውስጥ ነው፤ ውጭው ጭምት ይመስላል።

በ1734 በኖርፎክ አውራጃ መሠራት የጀመረው ሆልካም ሆል የዚህ ዓይነት ነው። ከእሱ ቀደም ብሎ የመጣው የባሮክ አሠራር ግን ጭምትነት የማያውቅ ነበር። በዮርክሺር የሚገኘው ካስል ሃዋርድ በ1699 ሲታቀድ ሥራው የተሰጠው ለጆን ቫንብሩ ነው። የሚገርመው ቫንብሩ የቲያትር ደራሲ እንጂ ከዚያ በፊት አንድም ቤት ሠርቶ የማያውቅ መሆኑ ነው። ልምድ ያለው ኒኮላስ ሆክስሙር አጠገቡ ሆኖ ረዳው። ጉልላቱ፣ ሐውልቱ፣ ረጅም ክንፉ ሁሉ ልክ እንደ ቲያትር መድረክ ተመልካችን ለማስደነቅ የተዘጋጀ ነው። ጉልላቱ በ1940 በእሳት ቢወድምም በኋላ ተመልሶ ተሠርቷል።

3. መስኩም ቢሆን የሰው ሥራ ነው

ጎብኚው ከቤቱ መስኮት ሆኖ ሲያይ ለስላሳ ሣር፣ ሐይቅ፣ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለ ዛፍ ያያል። «አቤት ተፈጥሮ!» ይላል። ነገር ግን አብዛኛው ተፈጥሮ አይደለም። «ኬፓቢሊቲ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ላንስሎት ብራውን (1716–1783) ወንዝ እየገደበ ሐይቅ ሲሠራ፣ ኮረብታ ሲያስተካክል፣ ዛፍ ሲያስተክል የኖረ ሰው ነው። በብሌናይም ቤተ መንግሥት የሚታየው ታላቅ ሐይቅ የእሱ ሥራ ነው።

«ሃ-ሃ» የሚባል ብልሃትም ነበር። ይኸውም ከብት ወደ ቤቱ እንዳይጠጋ የሚያግድ፣ አንድ ወገኑ በግንብ የተደገፈ ቦይ ነው። ከቤቱ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ቦዩ አይታይም፤ ሣሩ ሳይቋረጥ እስከ አድማስ የሚሄድ ይመስላል።

ከእይታ የሚሰወረው ቦይ ብቻ አልነበረም። መንደርም ይሰወር ነበር። በካስል ሃዋርድ ግንባታ ምክንያት ሄንደርስኬልፍ የተባለው መንደር ጠፋ። በቻትስዎርዝም ቤት አጠገብ የነበረው የኢደንሰር መንደር የባላባቱን እይታ ያበላሻል ተብሎ፣ በ1830ዎቹና 40ዎቹ አብዛኛው ፈርሶ ራቅ ባለ ቦታ አዲስ ተሠራ። አዲሶቹ ቤቶች ያማሩ ነበሩ፤ ይህ አይካድም። ነዋሪው የት እንደሚኖር የወሰነው ግን የሌላ ሰው መስኮት ነው።

4. የጓሮ ደረጃ

እንዲህ ያለ ቤት ያለ አገልጋይ አንድ ቀን አያድርም። ከሰል የሚሸከም፣ እሳት የሚያነድ፣ ውሃ የሚያሞቅ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ሳህን የሚያመላልስ ብዙ ሰው ያስፈልጋል። በጥንት ጊዜ ጌታና አሽከር በአንድ ትልቅ አዳራሽ አብረው ይበሉ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት ግን ሮጀር ፕራትን የመሳሰሉ አርኪቴክቶች ለአገልጋዮች የተለየ የጓሮ ደረጃ መሥራት ጀመሩ። ሐሳቡ አገልጋዩ ሥራውን እንዲሠራ፣ ሰውየው ግን እንዳይታይ ነው።

በሰሴክስ አውራጃ ያለው አፓርክ የተባለው ቤት ይባስ ብሎ የመሬት ውስጥ መተላለፊያ አለው። ምግቡ ከማድ ቤት ተነሥቶ በዋሻው በኩል ወደ ገበታ ይደርሳል። በዚህ ቤት ከ1880 እስከ 1893 የገረዶች ኃላፊ ሆነው ያገለገሉ ሣራ ዌልስ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ልጃቸው እናቱ ዘንድ በሚቆይበት ጊዜ የቤቱን መጻሕፍት እየተዋሰ ያነብ ነበር። ይህ ልጅ በኋላ ታዋቂ ደራሲ የሆነው ኤች. ጂ. ዌልስ ነው። እኛን የሚመለከተን ግን ከደራሲነቱ በፊት መምህር መሆኑ ነው። መጀመሪያ በአንድ ትምህርት ቤት ተማሪም ረዳት መምህርም ሆኖ ሠራ፤ ከዚያ በ1884 ለሳይንስ መምህራን ሥልጠና ወደሚሰጥ የለንደን ኮሌጅ በነፃ ትምህርት ዕድል ገባ። በ1909 ባሳተመው «ቶኖ-ባንጌይ» በተባለው ልብ ወለዱም አፓርክን የመሰለ ቤት ፈጥሮ፣ የመላው እንግሊዝ ኅብረተሰብ አደረጃጀት በዚያ አንድ ቤት ውስጥ እንደሚታይ አድርጎ ጻፈ። ቤቱን ሊያነብ የቻለው በጓሮ ደረጃ ስለገባ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

5. ገንዘቡ ከየት መጣ?

ይህ ጎብኚዎች ብዙ ጊዜ የማይጠይቁት ጥያቄ ነው። ዋናው ምንጭ የመሬት ኪራይ ነበር፤ ጭሰኛው ያርሳል፣ ባላባቱ ይሰበስባል። ከዚህም ሌላ የመንግሥት ሹመት፣ ንግድና የቅኝ ግዛት ሀብት ነበር።

ከ1759 እስከ 1771 በዮርክሺር የተሠራው ሃርዉድ ሃውስ እጅግ የተዋበ ቤት ነው። የውስጥ ጌጡ የታዋቂው የሮበርት አዳም ሥራ ነው። ያሠራው የላሴልስ ቤተሰብ ሀብት ግን ከካሪቢያን ደሴቶች የስኳር ንግድና ከባሪያ ጉልበት የተገኘ ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1833 በቅኝ ግዛቶቹ ባርነትን ለመሻር ሲወስን ለባሪያ አሳዳሪዎች 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መደበ። የሃርዉድ ጌታ ከ1,200 በላይ ለሚሆኑ ሰዎች ከ26 ሺህ ፓውንድ በላይ ተከፈላቸው። ነፃ ለወጡት ሰዎች ግን ቤሳ ቤስቲን አልተሰጣቸውም።

ሌላው ክራግሳይድ ነው። ይህ በኖርዘምበርላንድ የሚገኝ ቤት በዓለም ላይ በውሃ ኃይል በመነጨ ኤሌክትሪክ የበራ የመጀመሪያው ቤት ነው፤ መብራቱ የጀመረው በ1878 ነው። ባለቤቱ ዊልያም አርምስትሮንግ መሐንዲስና የመድፍ ፋብሪካ ጌታ ነበር። እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛም ይመጣል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ከህንድ በመጡ ዝሆኖች ጀርባ ተጭነው ተራራ ከወጡት መድፎች መካከል በዚህ ሰው ስም የሚጠሩት የአርምስትሮንግ መድፎች ነበሩ።

የዚያው ዘመቻ ትዝታ በሌላም ቤት አለ። በዋይት ደሴት የሚገኘው ኦዝቦርን ሃውስ ንግሥት ቪክቶሪያና ባላቸው ልዑል አልበርት በጣሊያን ቤቶች አምሳል ያሠሩት የግል መኖሪያቸው ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በዚያው በ1868፣ ገና በሰባት ዓመቱ፣ ንግሥቲቱ ፊት የቀረበው በዚህ ቤት ነው። ልጁ አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በ1879 ዐረፈ፤ መቃብሩም ዊንዘር ነው። ኦዝቦርንን የሚጎበኝ ኢትዮጵያዊ እንግዲህ የሚያየው አትክልቱን ብቻ አይሆንም።

6. ቤቶቹ እንዴት ለሕዝብ ተከፈቱ?

ከ1870ዎቹ ጀምሮ ከአሜሪካ በገባው ርካሽ እህል የተነሣ የመሬት ገቢ ወደቀ። በ1894 ከበድ ያለ የውርስ ግብር መጣ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ወራሾች አለቁ፤ አገልጋዩም የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ባለቤቶቹ ማስተዳደር ስላቃታቸው በ20ኛው መቶ ዓመት በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶች ፈረሱ። ከፊሎቹን በ1895 የተቋቋመው ናሽናል ትረስት የተባለው ማኅበር በ1937 ባወጣው ዕቅድ መሠረት ተረክቦ ለጎብኚ ከፈተ። ሎንግሊትን የመሰሉት ደግሞ በባለቤቶቻቸው እጅ እንዳሉ ትኬት መሸጥ ጀመሩ፤ ሎንግሊት የጀመረው በ1949 ነው።

በ2020 ናሽናል ትረስት ከሚያስተዳድራቸው ቦታዎች 93ቱ ከቅኝ ግዛትና ከባሪያ ንግድ ጋር የተያያዘ ታሪክ እንዳላቸው ዘርዝሮ ሲያወጣ ብርቱ ክርክር ተነሣ። አንዳንዱ «እኛ ውበት ልናይ እንጂ ልንወቀስ አልመጣንም» አለ። ሌላው «እውነቱ ይነገር» አለ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሁለቱ አይጣሉም። የግንበኛው እጅ ጥበብ ጥበብ ነው። ያንን ድንጋይ የከፈለው የማን ላብ እንደሆነ ማወቅ ድንጋዩን አያስጠላም፤ ይልቁንም ስማቸው ያልተጻፈውን ሰዎች ወደ ታሪኩ ይመልሳል።

7. ለመምህሩ የሚጠቅም

ነገ በምናስተምርበት ቀበሌ ሁሉ አንድ የቆየ ሕንፃ አይጠፋም፤ የድሮ ባላባት ግቢ፣ የባቡር ጣቢያ፣ ወይም ያረጀ መጋዘን ሊሆን ይችላል። ተማሪዎችን ይዘን ስንሄድ «ይህ በዚህ ዓመት ተሠራ» ብለን ብቻ አንመለስ። እነዚህን አምስት ጥያቄዎች እናስይዛቸው፦

— ሕንፃው ከየት በኩል እንዲታይ ታስቦ ተሠራ?
— በፊት በር የሚገባው ማን ነበር? በጓሮስ?
— መስኮቱና ጣሪያው ከፍ ያለው ለማን ነው?
— ድንጋዩን፣ እንጨቱን፣ ጉልበቱን ማን አቀረበ? ማንስ ከፈለ?
— በዚህ ቦታ ከዚያ በፊት ምን ነበር?

መልሱን እኛ ቀድመን አንንገራቸው። ይለኩ፣ ይሣሉ፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይጠይቁ፣ ከዚያ በኋላ ይከራከሩ። በየጓሮ ደረጃው ያለፈውን ሰው መጠየቅ የለመደ ተማሪ፣ መጽሐፍ ሲያነብም ያልተጻፈውን መጠየቅ አይከብደውም።