ሁለተኛ ባለቤት የሚጠብቅ ቦርሳ

ፎቶ አንሺ ካሜራ ሲቀይር አሮጌውን ካሜራ ይሸጣል፤ ሌንሱም ፍላሹም ገዢ አያጣም። ቦርሳው ግን ብዙ ጊዜ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ አቧራ ይጠጣል። ባለቤቱ «ያገለገለ ቦርሳ ማን ይገዛኛል?» ብሎ ነው። ገዢማ አለ። ሰርግና ምርቃት ማንሳት የጀመረ ወጣት ያለውን ብር ሁሉ ለካሜራና ለአንድ ሌንስ ካወጣ በኋላ ለቦርሳ የሚተርፈው የለም፤ ዕቃውን በፎጣ ጠቅልሎ በተማሪ ቦርሳ ይዞ ታክሲ ይሳፈራል። ለእሱ በደንብ የተያዘ ያገለገለ ቦርሳ ከአዲስ ርካሽ ቦርሳ ይሻለዋል።

የካሜራ ቦርሳ ከሌላው ቦርሳ የሚለየው በውስጡ ነው። ግድግዳውና ወለሉ ስፖንጅ የተሰፋበት ሲሆን መሐሉን የሚከፍሉት እንደፈለጉ የሚነቀሉና የሚተከሉ መከፋፈያዎች ናቸው። መከፋፈያዎቹ ጫፋቸው ላይ ቬልክሮ የሚባለው ተጣባቂ ማያያዣ አለ። የቬልክሮን ሐሳብ ያመጣው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ጆርጅ ደ ሜስትራል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ከአደን ሲመለስ ልብሱና ውሻው ላይ ተጣብቆ የመጣውን ጭጎጎት በማይክሮስኮፕ ቢያየው ጥቃቅን መንጠቆዎች አገኘበት። የካሜራ ቦርሳ ዛሬም በእነዚያ መንጠቆዎች ነው የሚሠራው። አንዱን ሌንስ ከሌላው ጋር የማያጋጨው፣ ካሜራው ግርጌ ወርዶ እንዳይመታ የሚይዘው መከፋፈያው ስለሆነ፣ መከፋፈያዎቹ የጠፉበት ቦርሳ ወደ ተራ ቦርሳነት ይመለሳል። ሻጭ ከሁሉ አስቀድሞ መፈለግ ያለበት እነሱን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ አይወጡም፣ አንዱ መሳቢያ ውስጥ ይገኛሉ።

የቦርሳው ታሪክም ደስ ይላል። ቢሊንግሃም የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1973 ሲቋቋም የሚሰፋው የዓሣ አጥማጅ ቦርሳ ነበር። በ1978 ኒውዮርክ ውስጥ ቦርሳዎቹን ፎቶ አንሺዎች ለካሜራ እየገዟቸው መሆኑን ሲያውቅ ፊቱን ወደ ካሜራ ቦርሳ አዞረ። በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ የፊላደልፊያ ኢንኳየረር ጋዜጣ ፎቶ አንሺ የነበረው ጂም ዶምኬ ለሥራው የሚመቸውን ከሸራ የተሠራ ቦርሳ ራሱ ነደፈ። ደረቅና ሳጥን መሳይ አልነበረም፤ ለስላሳ፣ ወገብ ላይ የሚያርፍ፣ ሳያዩት እጅ የሚገባበት ነበር። ማንገቻው ደግሞ ጎኑ ላይ ተሰፍቶ አልቀረም፤ በቦርሳው ሥር ዞሮ ያልፋል። ስለዚህ ክብደቱን የሚሸከመው ማንገቻው ራሱ ነው፤ ክሩ አይደለም።

ይህን አሠራር ያየ ሰው ያገለገለ ቦርሳ ሲገዛም ሲሸጥም መጀመሪያ የሚያየው ማንገቻው ቦርሳውን የሚነካበትን ቦታ ነው። ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ከ24-70 እና ከ70-200 ኤፍ 2.8 ሌንሶች ጋር ብቻ ከ3 ኪሎ ይበልጣል፤ ፍላሽ፣ ባትሪና ቻርጀር ሲጨመር ጭነቱን መገመት አያቅትም። ስፌቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ካልተሰፋ፣ ክሩም መፈታታት ከጀመረ፣ መንገድ ላይ የሚወድቀው ቦርሳው ብቻ አይደለም። ደግነቱ ስፌቱን ቦርሳ ሰፊ በቀላሉ ያጠብቀዋል፤ ሻጭ አሰፍቶ ቢያቀርበው የከፈለውን ከዋጋው ላይ ያገኘዋል። ጥርሱ የረገፈ ዚፕ ግን ሌላ ነው። እሱን ማስቀየር ውድ ስለሆነ በግልጽ ተናግሮ ዋጋ መቀነስ ይሻላል።

ሰው የማያስተውለው ጉዳት የውስጡ ሽፋን ነው። ውሃ የማያስገቡ የናይለን ቦርሳዎች ብዙዎቹ ከውስጥ በኩል ፖሊዩሪቴን የሚባል ስስ ሽፋን ተቀብተዋል። አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሽፋኑን ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል፤ መጀመሪያ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ ይሸታል፣ በመጨረሻ እየተቀረፈ ይረግፋል። ይህ የሚሆነው ቢሠራበትም ባይሠራበትም ነው። ለዚህ ነው «አንድ ቀን እፈልገው ይሆናል» ተብሎ ለዓመታት የተቀመጠ ቦርሳ ለባለቤቱም ለገዢውም ሳይሆን የሚቀረው። ሻጋታም አለ። እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ሻጋታ ሌንስ ውስጥ ሊያድግ ይችላል፤ በሐምሌ ዝናብ የራሰ ቦርሳ ተዘግቶ ከተቀመጠ ደግሞ ምቹ ቤት ይሆንለታል። ቦርሳው ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት ከሆነ ሽቶ ረጭቶ መሸጥ ነውር ነው። የገዢውን ሌንስ ማስበላት ነውና። መከፋፈያዎቹን አውጥቶ፣ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥቦ፣ ነፋስ ባለበት አስጥቶ ማድረቅ፤ ሽታው አሁንም ካልለቀቀ መተው ነው።

መሸጫው ሩቅ አይደለም። የአንድ ከተማ ፎቶ አንሺዎች ይተዋወቃሉ፤ በየሰርጉ ፍላሽ የሚይዝ ረዳት ነገ የራሱን ካሜራ የሚገዛ ሰው ስለሆነ ደላላ ሳያስፈልግ ለእሱ መንገር ይበቃል። በቴሌግራም የሚለጥፍም ቦርሳውን ዘግቶ ከፊት ብቻ አያንሳው። ከፍቶ፣ መከፋፈያዎቹን ተክሎ፣ ካሜራና ሌንስ አስገብቶ ያንሳው፤ የተላጠውንም ጥግ ቀረብ ብሎ ያሳየው። ገዢ የሚጠይቀው ስንት ሊትር እንደሚይዝ አይደለም፤ «70-200 ካሜራው ላይ እንደተገጠመ ይገባል?» ነው። በጥምቀት ሕዝብ መሐል ጸበል ሲረጭ የሚሠራ ሰው ከላይ የሚከደን ክዳን ይፈልጋል፤ በታክሲ የሚመላለሰው ደግሞ በጀርባ በኩል የሚከፈተውን ይመርጣል፤ ሲያዝለው የሌላ ሰው እጅ አይደርስበትምና።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ደህና የሆነ ቦርሳ እንኳ ከአዲሱ ግማሽ በታች ቢጠየቅበት ተገቢ ነው እላለሁ። «የመጨረሻው ስንት ነው?» መባሉ ስለማይቀር ትንሽ መተው የሚቻልበት ቦታ ይኑር። ገዢውን «ካሜራህን ይዘህ ና» ማለት ደግሞ ከብዙ ክርክር ያድናል፤ ዕቃውን አስገብቶ፣ አንግቦ፣ ጥቂት ተራምዶበት ይወስን።

ከማስረከባችሁ በፊት ግን እያንዳንዱን ኪስ፣ ከስፖንጁ ሥር ያለውንም ክፍተት ሳይቀር፣ እጃችሁን ከታችሁ ዳብሱ። ሚሞሪ ካርድ የሚረሳው እዚያ ነው፤ በላዩ ያለው የደንበኛ ሰርግ ከቦርሳው ጋር የሚሸጥ አይደለም።