የጋራ ሀብትና አስተዳደሩ፤ የኤሊኖር ኦስትሮም የምርምር ሥራ ከአዋሽ ሸለቆ አንጻር

ከአዋሽ አርባ ተነሥቶ ወደ ሰመራ የሚሄድ መንገደኛ በአንድ ወገን የወንዙን ዳር እርሻ፣ በሌላው ወገን የአላይደጌን የሣር ሜዳ ያያል። ለአፋር ከብት አርቢ ግን ሁለቱ የአንድ ዓመት ኑሮ ክፍሎች ናቸው፤ ዝናብ ሲጥል ከብቱ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ሜዳው ሲደርቅ ወደ ወንዙ ዳር ይመለሳል። ይህን የመሰለውን የጋራ ሀብት ማን ያስተዳድረው? ጥያቄውን ለመመርመር የአንዲት የድርጅትና የአስተዳደር ሊቅ የሥራ ታሪክ ስለሚረዳን በዚች አጭር ጽሑፍ እናቀርበዋለን። እኒህም ሊቅ ኤሊኖር ኦስትሮም ይባላሉ። (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።)

ወይዘሮ ኦስትሮም በ1933 በሎስ አንጀለስ ተወለዱ። በ1954 በፖለቲካ ሳይንስ ተመርቀው ሥራ ሲፈልጉ አሠሪዎች አስቀድመው የሚጠይቋቸው የጽሕፈት መኪና መምታት ይችሉ እንደ ኾነ ነበር። ኾኖም በቦስተን በአንድ ድርጅት የሠራተኞች ጉዳይ ረዳት ሥራ አስኪያጅ እስከ መኾን ደረሱ። ቀጥሎ በኤኰኖሚክስ ለዶክቶርነት ለመማር ቢያስቡ በቂ ሒሳብ አልተማሩም ተባለና በፖለቲካ ሳይንስ ቀጠሉ። በ2009 የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉት ግን በዚያው በኤኰኖሚክስ ነው፤ በዚህ ዘርፍ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ናቸው። በ2012 ዐረፉ።

በ1965 ለዶክቶርነት ያቀረቡት ጥናት ስለ ውኃ ነው። በሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለ አንድ የከርሰ ምድር ውኃ ላይ ሁሉም በየፊናው ስለ ቀዳ ውኃው ጐደለ፤ የባሕርም ጨው ይገባበት ጀመር። ቀጂዎቹ ግን ማኅበር አቋቁመው፣ በፍርድ ቤት ድርሻቸውን ለይተው፣ ተቈጣጣሪ አስቀመጡ። ኦስትሮም በኋላም በ1970ዎቹ በኢንዲያና ዩኒቬርሲቲ የፖሊስን ሥራ ሲመረምሩ፣ ተመሳሳይ ሰፈሮች ሲነጻጸሩ ትልቁ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ከትንንሾቹ እንደማይበልጥ አገኙ።

በ1968 ጋሬት ሃርዲን ለሁሉ ክፍት የኾነ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ነበር፤ አንድ ከብት የሚጨምር እረኛ ጥቅሙን ብቻውን ይወስዳል፣ ጉዳቱን ግን ሁሉም ይካፈሉታል። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች መድኀኒቱ ወይ የግል ይዞታ ወይ የመንግሥት እጅ ነው አሉ። ኦስትሮም በ1990 ባወጡት መጽሐፍ የስዊስን የተራራ ግጦሽና የቫሌንሲያን መስኖ እያሳዩ፣ ክፍት የኾነና የጋራ የኾነ አንድ እንዳልኾነ አስረዱ። የጋራ የኾነው ባለቤት፣ ወሰን፣ ደንብና ቅጣት አለው።

የአፋር ግጦሽ ከዚህኛው ወገን ነው። ጐሣ ሁሉ የታወቀ ይዞታ አለው፤ እንግዳ ከብቱን የሚያስገባው አስፈቅዶ ነው። ፊማ የተባለው የእኩዮች ማኅበር ደንብ የጣሰውን ይቀጣል፤ ዳጉ የተባለው የወሬ ልውውጥም ዝናብ የት እንደ ጣለ ያደርሳል። መዝገብ ቤት የሌለው መሥሪያ ቤት ብንለው ያስኬዳል። የ1955 ሕገ መንግሥት ግን በግለሰብም ኾነ በድርጅት ስም ያልተያዘውን ግጦሽ የመንግሥት ሀብት አደረገው። በ1962 የተቋቋመው የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣንም የወንዙን ዳር መሬት ለጥጥና ለሸንኰራ እርሻ የሚያድል ኾነ። የተወሰደው መሬት ከአፋር ምድር ስፋት ጋራ ሲተያይ ጥቂት ነው የሚሉ አሉ። እኛ ይህን መከራከሪያ አንቀበለውም፤ የተወሰደው ከብቱ በጋውን የሚያልፍበት ቦታ ነውና። በ1972–74 ድርቅ ሲደርስ የተፈጠረውን ጥፋት ላርስ ቦንዴስታም በ1974፣ ማክኑን ገማለዲንም በ1987 ባወጧቸው ጥናቶች ከዚሁ ጋራ አያይዘውታል።

ከኦስትሮም ስምንት መመሪያዎች ሰባተኛው፣ ተጠቃሚዎቹ የራሳቸውን ደንብ የማውጣት መብታቸው በመንግሥት ዘንድ እንዲታወቅ ይጠይቃል፤ በአዋሽ የጐደለው ይህ ነው። ይኹን እንጂ ወይዘሮዋ የጋራ አስተዳደር ሁልጊዜ ይሠምራል አላሉም፤ በመጽሐፋቸው የከሸፉትንም ጽፈዋል። በቆቃ ግድብ የሚያዘውን ወንዝም አንድ ጐሣ ብቻውን ሊያስተዳድረው አይችልም። ስምንተኛው መመሪያ ስለዚሁ ነው፤ ትንሹ ማኅበር በትልቁ ውስጥ ይሥራ ይላል። በአሚባራ መስኖ አካባቢ ፊማና የውኃ አስተዳደሩ በአንድ ቦይ ላይ እንዴት እንደሚገናኙ ቢመረመር፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርእስ መኾኑን ለጓደኞቻችን እናመለክታለን።